የሜታቦሊክ ባዮኬሚስትሪ ኮርስን ያለ ሽምደዳ ማስተማርና ማጥናት

በሕክምና፣ በፋርማሲ፣ በሕክምና ላቦራቶሪና በባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች በጣም ከሚፈሯቸው ኮርሶች አንዱ ሜታቦሊክ ባዮኬሚስትሪ፣ ማለትም አካል ምግብን የሚያፈርስባቸውንና የሚያስፈልገውን የሚሠራባቸውን ኬሚካዊ መንገዶች የሚያጠናው ትምህርት ነው። ፍርሃቱ ከይዘቱ ክብደት ይልቅ ከአቀራረቡ የመጣ ይመስለኛል። ኮርሱ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በግላይኮሊሲስ (ግሉኮስ ወደ ፓይሩቬት በሚፈርስበት መንገድ) አሥር እርምጃዎች ነው፤ ተማሪው የአሥሩን ኢንዛይሞች ስም በቅደም ተከተል ይሸመድዳል፣ በሚድ ፈተና ላይ ያወርደዋል፣ ፋይናል ሲደርስ ግን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። እኔም ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነበር። ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ አሥሩን ሞለኪውሎች በጠመኔ ስስል ከቆየሁ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው መቼ ነው? ስንበላ ነው ወይስ ስንራብ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰጠሁት መልስ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ «ሁልጊዜ ነው» ነበር ያልሁት። ከዚያ ወዲህ ኮርሱን የምጀምረው ከዚያ ተማሪ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለመምህሩም ለተማሪውም በዚሁ መንገድ እንዴት መሄድ እንደሚቻል የሚያሳይ ነው።

ከአንድ የጾም ቀን መነሳት

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም የሞለኪውል ቅርጽ በሰሌዳ ላይ አይጻፍ። በምትኩ በሑዳዴ የሚጾም አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ይታሰብ። ሰውየው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንጀራ በሽሮ በልቶ ተኛ፤ በማግስቱ እህል የሚቀምሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት አለ። በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ አንጎሉ ይሠራል፤ አንጎል ደግሞ በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋል። ቀይ የደም ህዋሳቱም ማይቶኮንድሪያ (የህዋስ የኃይል ማመንጫ) ስለሌላቸው ከግሉኮስ በቀር ሌላ ነዳጅ ማቃጠል አይችሉም። ሆኖም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደሙ ቢመረመር ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ባለው መደበኛ ክልል አካባቢ ይገኛል። ታዲያ ይህ ግሉኮስ ከየት መጣ?

መምህሩ ይህን ጥያቄ ጥሎ መልሱን ለማቀበል አይቸኩል። ተማሪዎቹ ራሳቸው እየተነጋገሩ ቢያንስ ሦስት ምንጭ ያወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ግሉኮስ የሚመጣው ገና እየተፈጨ ካለው እንጀራ ነው። ከዚያ በኋላ ጉበት ጎተራውን ይከፍታል፤ ጎተራው ግላይኮጅን ሲሆን የሚይዘውም 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው ራሱ ሒሳቡን ይሥራ፦ በቀን 120 ግራም የሚፈልግ አንጎል ባለበት ቤት 100 ግራም ያለው ጎተራ አንድ ቀን እንኳ አያደርስም። ስለዚህ ጎተራው ሳይሟጠጥ በፊት ሦስተኛው ምንጭ መነሳት አለበት፤ እሱም ጉበት ከላክቴት፣ ከግሊሰሮልና ከአሚኖ አሲዶች አዲስ ግሉኮስ የሚሠራበት ግሉኮኒዮጀነሲስ ነው። በዚሁ ጊዜ ጡንቻ ግሉኮሱን ለአንጎል ትቶ ወደ ስብ ይዞራል።

ቀጥሎ ንጽጽር ይቅረብ። በረመዳን የሚጾም ሰው ከንጋት በፊት ሱሑር በልቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል፤ በአገራችን የቀን ርዝመት ይህ አሥራ ሦስት ተኩል ሰዓት ያህል ነው። ከሁለቱ ጿሚዎች የማንኛው ጉበት ግላይኮጅኑን ይበልጥ ያሟጥጣል? የማንኛው የስብ ህዋስ ይበልጥ ይሠራል? ክርክሩ ሞቅ ማለቱ አይቀርም፤ ብዙው ተማሪ ጾምን በራሱ አካል ያውቀዋልና። ሆኖም ማንንም በስም ጠርቶ «አንተ ትጾማለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ምሳሌው ያለዚያም ይሠራል።

ከዚህ ሳምንት አንድ ነገር ተርፎ እስከ ኮርሱ መጨረሻ ይቆያል፤ እሱም ባዶ ሰንጠረዥ ነው። በጎን ጉበት፣ ጡንቻ፣ የስብ ህዋስና አንጎል ይጻፋሉ፤ በራስጌው ደግሞ «ከምግብ በኋላ»፣ «በአሥራ ዘጠነኛው ሰዓት» እና «በሦስተኛው ቀን» ይባላል። ተማሪው ሰንጠረዡን በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ አስምሮ፣ አዲስ መንገድ በተማረ ቁጥር ያ መንገድ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ክፍት፣ በየትኛው ዝግ እንደሆነ ይሞላል። በአሥረኛው ሳምንት ያልተሞላ ሣጥን ካለ፣ ያ ሣጥን ያልገባው ነገር ያለበት ቦታ ነው።

ሦስቱ አደባባዮች

በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ የሜታቦሊዝም ካርታ ለሚያውቅ ሰው ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን እንደ ጥልፍልፍ ገመድ ያስፈራል። አዲስ አበባን ለማያውቅ እንግዳ ከተማዋን የምናስረዳው እያንዳንዱን መንደር በመዘርዘር ሳይሆን ከአራት ኪሎ፣ ከመስቀል አደባባይና ከሜክሲኮ ተነስተን ነው። ሜታቦሊዝምም እንዲሁ ሦስት አደባባዮች አሉት፦ ግሉኮስ-6-ፎስፌት፣ ፓይሩቬትና አሴቲል ኮኤ።

ከግሉኮስ-6-ፎስፌት አራት መንገዶች ይወጣሉ። አንዱ ወደ ግላይኮጅን፣ ሁለተኛው ወደ ግላይኮሊሲስ፣ ሦስተኛው ወደ ፔንቶስ ፎስፌት መንገድ፣ አራተኛው ደግሞ ፎስፌቱን ጥሎ ነጻ ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይወስዳል። ይህ አራተኛው መውጫ በጉበትና በኩላሊት ሲገኝ በጡንቻ ግን የለም፤ ጡንቻ ግሉኮስ-6-ፎስፌቴዝ የተባለው ኢንዛይም የለውምና። በጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ገደማ ግላይኮጅን ተከማችቶ ሳለ ለተራበው አንጎል በቀጥታ አንዲት ግራም የማይደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጉበት ለሰፈሩ የሚያበድር ባለጎተራ ነው፤ ጡንቻ ግን ለራሱ ብቻ ያስቀምጣል።

ፓይሩቬት ወደ ላክቴት፣ ወደ አላኒን፣ ወደ ኦክሳሎአሴቴትና ወደ አሴቲል ኮኤ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደርሶ መልስ ናቸው፤ ኦክሳሎአሴቴትም በግሉኮኒዮጀነሲስ በኩል ወደ ግሉኮስ ያደርሳል። ወደ አሴቲል ኮኤ የሚወስደው ግን መመለሻ የሌለው ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ተማሪው ይህን አንድ እውነት በደንብ ከያዘ ግማሽ ኮርሱን ይዟል። የስብ አሲዶች ሲፈርሱ አሴቲል ኮኤ ይሆናሉ፤ አሴቲል ኮኤ ወደ ፓይሩቬት አይመለስም፤ ወደ ክሬብስ ዑደት (አሴቲል ኮኤ ወደሚቃጠልበት ዙር) ሲገባም ሁለት ካርቦን ያስገባና ዑደቱ አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል፤ ለግሉኮስ የሚተርፍ ካርቦን የለም። ስለዚህ በአካሉ ብዙ ኪሎ ስብ ያለው ሰው ሲራብ የጡንቻውን ፕሮቲን ለምን እንደሚያፈርስ ያለ ሽምደዳ ይገባዋል። ከስብ ውስጥ ወደ ግሉኮስ የሚሄዱት የግሊሰሮሉ ክፍልና በጣም ጥቂት የሆኑት ጎዶሎ ቁጥር ካርቦን ያላቸው የስብ አሲዶች ናቸው።

ለግብርና ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ፦ ኑግ ወይም ሰሊጥ ሲበቅል ቡቃያው ብርሃን ሳያገኝ በፊት ስኳር የሚሠራው ከየት ነው? ዘሩ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ዘይት ነው። መልሱ ዕፅዋት ግላይኦክሲሌት ዑደት የሚባል አቋራጭ ስላላቸው፣ በዚያም ካርቦን የሚባክንባቸውን ሁለት እርምጃዎች ስለሚዘሉ ነው። እኛ አቋራጩ የለንም።

ተማሪው ካርታውን የሚለማመደው በማየት ሳይሆን በመሳል ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ባዶ ወረቀት ይውሰድ፤ ሦስቱን አደባባዮች መሃል ላይ ያስፍርና ሃንድአውት ሳያይ የሚያውቀውን ሁሉ ይሳል። ሲጨርስ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያይና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ይሙላ። ከዚያ ወረቀቱን ይቅደደው። መቅደዱ ቀልድ አይደለም፤ ወረቀቱ ከተቀመጠ በሚቀጥለው ጊዜ ተማሪው ከመሳል ይልቅ ያነበዋል፣ ማንበብ ደግሞ የማወቅን ስሜት እንጂ ዕውቀቱን አይሰጥም።

ስሞቹን ማስገንዘብ

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ደግሞ የሚያስበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በዚህ ምክንያት የኢንዛይም ስም ለብዙዎቹ ትርጉም የሌለው ረጅም ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ስሞቹ ግን የሥራ መግለጫ ናቸው። ካይኔዝ ከኤቲፒ (ህዋስ ኃይል ከሚገበያይበት ሞለኪውል) ፎስፌት ወስዶ ለሌላ የሚሰጥ ነው፤ ዲሃይድሮጅኔዝ ሃይድሮጅን ነጥቆ ለተሸካሚዎቹ ለኤንኤዲ ወይም ለኤፍኤዲ የሚያስረክብ ነው፤ ካርቦክሲሌዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጨምር፣ ዲካርቦክሲሌዝ የሚያወጣ፤ ሚውቴዝ አንዱን ክፍል በዚያው ሞለኪውል ላይ ከቦታ ቦታ የሚያዛውር፤ ፎስፌቴዝ ፎስፌትን በውሃ ቆርጦ የሚጥል ነው። እነዚህን ስድስት ቃላት በቋንቋው የተረዳ ተማሪ የአብዛኛውን እርምጃ ውጤት ከስሙ ብቻ ይገምታል። አሳሳች ስሞችም ስላሉ መምህሩ አስቀድሞ ይናገር፤ ለምሳሌ ፓይሩቬት ካይኔዝ በግላይኮሊሲስ ውስጥ ፎስፌቱን ለኤዲፒ ሰጥቶ ኤቲፒ ይሠራል እንጂ ከኤቲፒ አይወስድም፤ ስሙ የወጣለት በተገላቢጦሹ አቅጣጫ ነው።

የትኞቹ የሞለኪውል ቅርጾች በቃል ይያዙ? የእኔ ዝርዝር አጭር ነው፦ ግሉኮስ፣ ፓይሩቬት፣ ኦክሳሎአሴቴትና አልፋ ኪቶግሉታሬት። የኋለኞቹ ሦስቱ የተመረጡት እያንዳንዳቸው የአሚኖ አሲድ መንትያ ስላላቸው ነው፤ ፓይሩቬት ከአላኒን፣ ኦክሳሎአሴቴት ከአስፓርቴት፣ አልፋ ኪቶግሉታሬት ከግሉታሜት ጋር አጽማቸው አንድ ነው። የሚለዩት በአሚኖው ክፍል ብቻ ነው። ይህን ያየ ተማሪ የአሚኖ አሲድ ሜታቦሊዝም ምዕራፍ ሲከፈት እንግዳ ነገር አይገጥመውም። የኮሌስትሮልን ሥራ በየእርምጃው ማስያዝ ግን፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ።

የኃይል ሒሳብ

የኮርሱ ሁለተኛ ሳምንት ለነጻ ኃይል ይሰጥ። እዚህ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት መደበኛውን የኃይል ለውጥ በህዋስ ውስጥ ካለው እውነተኛ ለውጥ ጋር ሲያምታቱ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አልዶሌዝ የሚያከናውነው እርምጃ ነው። መደበኛ የኃይል ለውጡ በሞል 23.8 ኪሎጁል ጭማሪ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ወደፊት የሚሄድ አይመስልም። በህዋስ ውስጥ ግን ይሄዳል፤ ምክንያቱም የሚከተሉት እርምጃዎች ምርቱን ወዲያው ያነሱታል። በክሬብስ ዑደት ማሌት ወደ ኦክሳሎአሴቴት የሚለወጥበት እርምጃ ከዚህም የባሰ፣ በሞል 29.7 ኪሎጁል ጭማሪ ነው፤ እሱም የሚጎተተው ሲትሬት የሚሠራው ኢንዛይም ኦክሳሎአሴቴትን ጠርጎ ስለሚወስድበት ነው። መምህሩ ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ታዲያ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ ከአንድ ሰዓት ገለጻ የተሻለ ያስተምራል።

ከዚህ በኋላ ቁጥጥር የት እንደሚገኝ ራሱ ይታያል። ከግላይኮሊሲስ አሥር እርምጃዎች ሰባቱ ወደኋላም ወደፊትም ይሄዳሉ፤ ሄክሶካይኔዝ፣ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝና ፓይሩቬት ካይኔዝ የሚሠሯቸው ሦስቱ ግን አይመለሱም። ህዋስ በር የሚያቆመው በእነዚህ ሦስት ላይ ነው፤ ግሉኮኒዮጀነሲስም ሰባቱን በጋራ ተጠቅሞ ሦስቱን በሌሎች ኢንዛይሞች ይዞራቸዋል። ሁለቱን መንገዶች እንደ ሁለት ምዕራፍ ለየብቻ ማስተማር ተማሪውን ሁለት ጊዜ ማድከም ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይሳሉ።

የኤቲፒ ቆጠራን በሚመለከት ተማሪው በየመጽሐፉ የተለያየ ቁጥር ስለሚያገኝ ይደናገራል። የቆዩት ከአንድ ግሉኮስ 36 ወይም 38 ኤቲፒ ይገኛል ይላሉ፤ አዳዲሶቹ 30 ወይም 32። የድሮው ቆጠራ ለአንድ ኤንኤዲኤች 3፣ ለአንድ ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ይሰጥ ነበር። አሁን የሚቆጠረው በፕሮቶን ነው፤ አንድ ኤንኤዲኤች 10 ፕሮቶን ያስወጣል፣ አንድ ኤቲፒ ተሠርቶ ለመውጣት 4 ፕሮቶን ይጠይቃል፣ ስለዚህ 2.5 ይሆናል፤ በኤፍኤዲኤች2 በኩል 6 ፕሮቶን ስለሚወጣ 1.5 ይሆናል። በ30 እና በ32 መካከል ያለው ልዩነት በሳይቶሶል (ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ባለው የህዋስ ፈሳሽ) የተሠራው ኤንኤዲኤች ኤሌክትሮኖቹን ወደ ማይቶኮንድሪያ ባስገባበት በር ይወሰናል። መምህሩ የሚጠቀምበትን ቆጠራ በኮርሱ መጀመሪያ ላይ ያሳውቅ፤ ተማሪው ደግሞ ለልምምድ የፓልሚቴትን ሒሳብ ይሥራ። አሥራ ስድስት ካርቦን ያለው ይህ የስብ አሲድ በሰባት ዙር ተቆርጦ ስምንት አሴቲል ኮኤ ይሰጣል፤ ስምንቱ በዑደቱ በኩል 80፣ ሰባቱ ኤንኤዲኤች 17.5፣ ሰባቱ ኤፍኤዲኤች2 10.5 ኤቲፒ ያስገኛሉ፤ ለመነሻ የጠፋው ሁለት ሲቀነስ 106 ይቀራል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ቁጥሩን ቢረሳ እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

ሌላው የሚወደድ ሒሳብ የማራቶን ነው። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ለአንድ ኪሎሜትር 60 ኪሎካሎሪ ገደማ ያወጣል ብንል ለ42 ኪሎሜትር 2,500 ኪሎካሎሪ ያስፈልገዋል፤ በጉበትና በጡንቻ ያለው 500 ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 2,000 ብቻ ይሰጣል። ቀሪው ከየት ይመጣል? ከስብ ከሆነስ ስንት ግራም ይበቃል? ስልሳ ግራም እንኳ አይሞላም። ታዲያ ስብ ይህን ያህል ቆጣቢ ከሆነ ሯጩ በስብ ብቻ ለምን አይሮጥም? ይህን ለክፍሉ ትቼዋለሁ።

ሆርሞኖችና የፎስፌት ደንብ

በቁጥጥር ምዕራፍ ተማሪዎች እያንዳንዱን ኢንዛይም «ፎስፌት ሲለጠፍበት ይነቃል ወይስ ይተኛል?» እያሉ በሰንጠረዥ ሲሸመድዱ ይታያሉ። ለጉበት አንድ ደንብ ይበቃል፦ በረሃብ ጊዜ ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን ፎስፌት ያስለጥፋል፣ በጥጋብ ጊዜ ኢንሱሊን ያስነሳል። የቀረው ማሰብ ነው። ረሃብ ላይ ያለ ጉበት ግላይኮጅን ማፍረስ ስለሚፈልግ አፍራሹ ኢንዛይም ፎስፌት ሲለጠፍበት ይነቃል፣ ሠሪው ይተኛል። ስብ መሥራት ስለማይፈልግም አሴቲል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ ይተኛል፤ እሱ ሲተኛ ማሎኒል ኮኤ ያልቃል፤ ማሎኒል ኮኤ ደግሞ የስብ አሲድ ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገባበትን በር የሚዘጋ ስለነበር በሩ ይከፈታል። እንዲህ ሲያዩት አንድ ህዋስ በአንድ ጊዜ ስብ እየሠራ ስብ የማያፈርስበት ምክንያት ይገለጣል። ደንቡ የጉበት መሆኑን ግን አጥብቆ መናገር ያሻል፤ በልብ ጡንቻ የሚገኙት አንዳንዶቹ ኢንዛይሞች ለተመሳሳይ ምልክት ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ።

ላብራቶሪው ባዶ በሆነ ጊዜ

ኬሚካል አልቋል፣ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ተበላሽቷል ተብሎ ላብ የሚታጠፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስት የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ፣ የዳቦ እርሾ፣ ስኳርና ፊኛ ግን ከየትኛውም ሱቅ ይገኛሉ። በመጀመሪያው ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ እርሾና ስኳር፣ በሁለተኛው እርሾ ብቻ፣ በሦስተኛው የተቀቀለ እርሾና ስኳር ይደረግና በየአፋቸው ፊኛ ይታሰር። በሰዓት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ፊኛ ይነፋል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ምን ተፈጠረ?» ሳይሆን «እርሾው አልኮሉን የሚሠራው ለምን ጥቅም ነው?» የሚለው ነው። ጠላና ጠጅ ለሰው መጠጥ ናቸው፤ ለእርሾው ግን አልኮሉ ጥሎት የሚሄደው ነገር ነው፤ የሚፈልገው ኤንኤዲኤችን ወደ ኤንኤዲ መልሶ ግላይኮሊሲስን ማስቀጠል ነው። የእንጀራ ሊጥን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ ላክቲክ አሲድ በመሥራት ይፈጽማሉ፤ የሚሮጥ ሰው ጡንቻም እንዲሁ። ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 ህዋስ የሌለበት የእርሾ ጭማቂ ስኳርን እንደሚያፈላ ማሳየቱ የዚህ ሳይንስ መነሻ ከሆኑት ግኝቶች አንዱ መሆኑን ከፊኛው ጎን ሆኖ መንገር፣ በስላይድ ከመንገር የተለየ ነው።

ለሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎች ደግሞ ግራጫ ክዳን ያለው የደም ቱቦ በቂ ነው። ደም በተራ ቱቦ ከተቀመጠ ህዋሳቱ ግሉኮሱን ስለሚበሉት በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በግራጫው ቱቦ ፍሎራይድ ይጨመራል። ፍሎራይድ የሚያግደው ዘጠነኛውን እርምጃ የሚሠራውን ኢኖሌዝ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው አንድና ሁለት ሰዓት የግሉኮሱ መቀነስ አይቆምም። ለምን? ከግድቡ በላይ ያሉት ስምንት እርምጃዎች ለጊዜው ይቀጥላሉና ነው። ግን መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ከዘጠነኛው በኋላ ይገኝ የነበረው ኤቲፒ ስለቀረ ሄክሶካይኔዝ የሚሰጠው ፎስፌት ያጣል። የአሥሩን እርምጃዎች ቅደም ተከተል ትርጉም ባለው መንገድ የሚያስይዝ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም።

የክሬብስ ዑደትንም ከሙከራው ተነስቶ ማስተማር ይቻላል። ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 የተፈጨ የእርግብ ጡንቻ ላይ ሲሠራ፣ ማሎኔት የተባለው ንጥረ ነገር ሲጨመር ሰክሲኔት እንደሚከማች ይታወቅ ነበር። እሱ ያየው ከእገዳው በታች ያለውን ኦክሳሎአሴቴትን ቢጨምሩም ሰክሲኔቱ መከማቸቱን ነው። ውጤቱ ለተማሪዎች ይሰጥና መንገዱ ቀጥታ መስመር ቢሆን ይህ ሊሆን ይችል እንደሆነ ይጠየቁ። ክብ መሆን እንዳለበት የሚደርሱበት ራሳቸው ናቸው። ክሬብስ የላከውን አጭር ጽሑፍ ኔቸር መጽሔት ሳያወጣው ቀርቶ በሌላ መጽሔት መታተሙን፣ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ1953 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን መጨመር አሳይመንቱ ለተመለሰበት ተማሪ ሳያጽናናው አይቀርም።

ጊዜው ሲከፋፈል

አሥራ ስድስት ሳምንት ካለ ለአጠቃላይ ሥዕሉና ለኃይል ሁለት፣ ለካርቦሃይድሬት አራት፣ ለክሬብስ ዑደትና ለኤሌክትሮን ሰንሰለት ሁለት፣ ለስብ ሦስት፣ ለአሚኖ አሲድና ለኑክሊዮታይድ ሦስት፣ ሁሉን አንድ ላይ ለማያያዝ ሁለት ሳምንት ይያዝ። ሴሚስተር በአንድም በሌላም ምክንያት ማጠሩ የተለመደ ነው፤ ሲያጥር የሚቆረጠው ሁልጊዜ የመጨረሻው ማያያዣ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የሚያስፈልገው ነው። ስለዚህ ማያያዣው በየሦስት ሳምንቱ እየተቆራረጠ ቢገባ ይሻላል። የሚቀነስ ካለ ኑክሊዮታይድ ይቀነስ።

በዶርም ውስጥ በቡድን የሚያጠኑ ተማሪዎች ደግሞ አንዱ እያነበበ ሌሎቹ ከሚሰሙ ይልቅ ብልቶችን ይከፋፈሉ። አንዱ ጉበት፣ አንዱ ጡንቻ፣ አንዱ የስብ ህዋስ፣ አንዱ አንጎል፣ አንዱ ቆሽት ይሁን። ቆሽት የሆነው «ኢንሱሊን ወርዷል» ሲል እያንዳንዱ ምን እንደሚልክና ምን እንደሚቀበል ይናገር። ያልመለሰ ሻይ ይገዛል።

ፈተናው

ተማሪ የሚያጠናው ፈተናው እንደሚጠይቀው ነው። «የግላይኮሊሲስን ኢንዛይሞች ዘርዝር» የሚል ፈተና የሚያወጣ መምህር በክፍል ውስጥ ስለ ማስተዋል ቢሰብክ ሰሚ አያገኝም። እኔ ካርታውን ለተፈታኞች አድላለሁ፤ ከዚያ የምጠይቀው አንድ ቦታ ሲዘጋ ምን እንደሚከማችና ምን እንደሚጎድል ነው።

በጣም የሚሠሩልኝ ጥንድ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ሕፃን ትንሽ ሳይበላ ሲቆይ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፣ ጉበቱ አብጧል፣ ላክቴቱ ከፍ ብሏል። አንድ ወጣት ደግሞ በዕረፍት ጊዜ ደህና ነው፣ የደም ስኳሩም መደበኛ ነው፣ ነገር ግን ደረጃ ሲወጣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ደሙ ሲመረመርም ላክቴቱ አይጨምርም። ሁለቱም የግላይኮጅን ችግር አለባቸው፤ የትኛው ኢንዛይም በየትኛው ብልት ጎድሏል? የመጀመሪያው የፎን ጊርኬ በሽታ ሲሆን የጎደለው የጉበት ግሉኮስ-6-ፎስፌቴዝ ነው፤ ሁለተኛው የማክአርድል በሽታ ሲሆን የጎደለው የጡንቻ ፎስፎሪሌዝ ነው። ሦስቱን አደባባዮች የሚያውቅ ተማሪ የበሽታዎቹን ስም ሰምቶ ባያውቅም መልሱን ያገኛል፤ ነጥቡም የሚሰጠው ለስሙ ሳይሆን ለመንገዱ ነው።

የፔንቶስ ፎስፌት መንገድን በሚመለከት በአገራችን የሚገኘውን ቫይቫክስ ወባ አነሳለሁ። በጉበት የተደበቀውን ተውሳክ ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጅኔዝ በሚያንሳቸው ሰዎች ቀይ የደም ህዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል፤ ለእነዚሁ ሰዎች ባቄላም ሊያሰጋ ይችላል። ጥያቄው ጉዳቱ በጉበት ህዋስ ላይ ሳይሆን በቀይ የደም ህዋስ ላይ የሚበረታው ለምን እንደሆነ ነው። ማይቶኮንድሪያ የሌለው ይህ ህዋስ ራሱን ከኦክሲዴሽን የሚከላከልበትን ኤንኤዲፒኤች የሚያገኘው ከዚህ አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ያስታወሰ ተማሪ ይመልሰዋል።

ለፋይናል ሁልጊዜ የማስቀረው አንድ ጥያቄ አለ። ኢንሱሊን መውጋት ያቋረጠች የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል ትደርሳለች፤ ትንፋሿ ፈጣንና ጥልቅ ነው፣ የደም ስኳሯ በዴሲሊትር 500 ሚሊግራም ነው፣ በሽንቷ ኪቶን (ጉበት ከስብ የሚሠራው ነዳጅ) ተገኝቷል። ስኳር በደሟ ሞልቶ ሳለ ጉበቷ ግሉኮስና ኪቶን የሚያመርተው ለምን እንደሆነ አስረዳ ይላል። ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ጉበት የሚያየው ስኳሩን ሳይሆን የኢንሱሊንና የግሉካጎንን ሚዛን መሆኑን፣ ስለዚህም እንደ ረሃብ ቆጥሮ ስብ መቀበሉን፣ የማሎኒል ኮኤ በር መከፈቱን፣ ኦክሳሎአሴቴት ወደ ግሉኮስ ሥራ ሲሳብ የተረፈው አሴቲል ኮኤ ወደ ኪቶን መሄዱንና ትንፋሹ የፈጠነው አሲዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ለማስወጣት መሆኑን አያይዞ የጻፈ ወረቀት ላይ ነው። «ስኳሯ ከፍ ስላለ ነው» ብሎ ለጨረሰ ከአሥር ሁለት እሰጣለሁ፤ ወረቀቱንም ከዚያ ባዶ ሰንጠረዥ ጋር አያይዤ እመልስለታለሁ።